የጠንቋይዋ ዳቦ ቤት ሳጥን

ጎረቤቴን አርዲስን ሌባ ብያታለሁ። በሹክሹክታም አይደለም፤ ዘጠኝ ሴቶች በተቀመጡበት፣ በገዛ ሳሎኔ። ይህን ሳላድበሰብስ ልናገርና ወደ ነገሩ ልግባ።

ለሃሎዊን፣ ለጥቅምቱ የጠንቋይና የመናፍስት በዓል፣ ማስጌጫ የሚሆን ትንንሽ መንደር እሰበስባለሁ። ጣሪያቸው የተንጋደደ፣ መስኮታቸው ብርቱካናማ የሚያበራ ሠላሳ አንድ የሸክላ ቤቶች አሉኝ፤ ትልቁ ከስንዝር ብዙም አያልፍም። ጥቅምት ሲገባ ቡፌው ላይ እደረድራቸውና የኦሃዮ ሰብሳቢ ጓደኞቼን አንድ ምሽት እጠራለሁ። ፈንዲሻና ትኩስ የፖም ጭማቂ አቀርባለሁ። አርዲስ ሃያ ዓመት ሙሉ አብራኝ ደርድራለች። የመብራቱን ገመድ ቤቶቹ ስር ከምናነጥፈው ጥጥ በታች መደበቅ እንደሷ የሚችልበት የለም። ከቤቶቹ ሁሉ የምትወደው የጠንቋይዋን ዳቦ ቤት ነበር፤ መሠራት ካቆመ የቆየ፣ እንደ ልብ የማይገኝ ቤት ነው።

"አንቺ ማርሊስ፣ ስትሞቺ ይቺን ለኔ ተናዘዢልኝ" ትለኛለች።

"ቀድመሽኝ ትሞቻለሽ፣ አትቸኩዪ!" እላታለሁ።

ካቻምና ጥቅምት ሳጥኑን ብከፍት ባዶ ነው። ያለው ቤቱ እንዳይሰበር የሚታቀፍበት ፎም ብቻ። ከዚያ በፊት በነበረው ኅዳር ቤቶቹን አብራኝ ያሸገችው አርዲስ ናት፤ ከሷ ሌላ ምድር ቤቴ የገባ ሰው የለም። ደሜ ፈላ። እንግዶቹ መጥተው አንዷ "ዳቦ ቤቱስ?" ብላ ስትጠይቅ፣ "አርዲስን ጠይቋት፤ ሳልሞት ወርሳኛለች" አልኩ። ሊስቁ ጀምረው ፊቴን ሲያዩ ዋጥ አደረጉት።

አርዲስ ኩባያዋን አስቀመጠች። "የምርሽን ነው?"

"ቀልድ ይመስላል?"

ኮቷን አንስታ ወጣች። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው!

አምና ጥቅምት ደጄ ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ብፈታው ዳቦ ቤቱ! ወረቀት የለው፣ ሳጥን የለው። ፎጣው የአርዲስ ነው፤ አውቀዋለሁ። "ይኸው! ህሊናዋ እንቅልፍ ነስቷት መለሰችው" ብዬ ላልሰማ ሁሉ ደወልኩ። የኔ ዳቦ ቤት የጭስ ማውጫው ጫፍ ተሸርፎ በጥቁር የጥፍር ቀለም ቀብቼው ነበር። ይኼኛው ምንም ሽራፊ የለውም። አየሁት እኮ! አይቼስ ምን አልኩ? "ጉዷን ለመሸፈን አስጠግናዋለች።" ከዚያ ቡፌው መሃል አስቀምጬ አበራሁት፣ ሁሉንም ጠራሁ፤ እሷን ግን አልጠራሁም።

ባለፈው ሳምንት ዊልማ የምትባል ሰብሳቢ ደወለች። የገና መንደሯ ባቡር ጣቢያ ሳጥኑ ጠፍቶባታል። በኛ ዘንድ ሳጥን አይጣልም፤ ያለ ሳጥኑ የቤቱ ዋጋ ግማሽ ነው። እኔም አንድ የገና ባቡር ጣቢያ ነበረኝ፤ ከዓመታት በፊት ወድቆ ተሰብሯል፤ ሳጥኑ ግን ምድር ቤት አለ። "ባዶውን ውሰጂው" አልኳትና ላመጣው ወረድኩ። ሳነሳው ከበደኝ።

ከፈትኩት። ዳቦ ቤቱ፣ ከነጥፍር ቀለሙ።

ወዲያው ትዝ አለኝ። ያን ኅዳር ቧንቧው አንጠባጥቦ የዳቦ ቤቱ ፎም ረጥቦ ነበር። አርዲስ ከሄደች በኋላ "ፎሙ እስኪደርቅ" ብዬ ቤቱን እዚህ ከተትኩት። በገዛ እጄ!

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ማንም አላየኝምና መልሼ ልደብቀው አሰብኩ። አዎ፣ አሰብኩ፤ እሱም ያሳፍረኛል።

ግን ዳቦ ቤቱን ታቅፌ ሄጄ አንኳኳሁ። አርዲስ በሯን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው የጭስ ማውጫውን ነው።

"የት ነበር?"

"እኔው ጋ። በሌላ ሳጥን ውስጥ። አርዲስ፣ እኔ..." ቤቱን ወደሷ ዘረጋሁት። "ያኛውንስ ከየት አመጣሽው?"

"ገዛሁት። እስካገኘው ዓመት ፈጀብኝ።"

"ያልወሰድሽውን? ለምን?"

"ቤቱ ከተገኘ ትጠሪኛለሽ ብዬ ነዋ! ቡፌሽ ከወጥ ቤቴ መስኮት ይታያል። መብራቱን ስታበሪ አየሁ፣ መኪኖቹ ሲመጡ አየሁ። ኮቴን ለብሼ ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነበር፣ አንቺ ጅል።"

"ይቅር በይኝ" አልኩ። "ዘጠኙንም እሰበስባለሁ። ሌባ ባልኩሽ ቦታ፣ በፊታቸው እናገራለሁ።"

"ትናገሪያለሽ" አለች፤ ልመና አልነበረም። ገባ ብላ አንድ ሳጥን ይዛ ተመለሰች። የዳቦ ቤቱ ሥዕል አለበት፤ የተላከበት ወረቀት ከነስሟ ከነቀኑ እንደተለጠፈ ነው። "ሽራፊ የሌለው ቤት ስታዪ፣ 'የዚህስ ሳጥኑ የታለ?' ብለሽ ትመጫለሽ ብዬ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። እኛ ሰብሳቢዎች አይደለን? ዓመት ሙሉ ጠበቅኩሽ።"

ሠላሳ ዓመት ስሰበስብ ስለ ሳጥኑ ሳልጠይቅ ከማንም እጅ ቤት ተቀብዬ አላውቅም። አርዲስን ብቻ አልጠየቅኳትም።