ሃያ ሦስት ዜሮዎችና አንድ የተነፈሰ ጎማ

እህቴ ሎሬል ዜሮ ናት። እየሰደብኳት አይደለም፤ መንግሥት ራሱ ነው እንደዚያ ያላት። ኮሌጅ መግባት የፈለገ ሁሉ የሚሞላው ፎርም አለ። አባትህ ስንት ያገኛል፣ ባንክ ውስጥ ስንት አለህ፣ ቤት ውስጥ ስንት አፍ አለ እያለ ያደርቅህና፣ መጨረሻ ላይ ቤተሰብህ ለትምህርትህ ስንት መክፈል እንደሚችል በአንድ ቁጥር ይነግርሃል። የኛ ዜሮ ወጣ። ከዜሮ በታች ቁጥር የለም። እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ በሒሳብ ዜሮ ሳመጣ ቀበቶ ነበር የሚጠብቀኝ፤ እሷ ዜሮ ስታመጣ ገንዘብ ይሰጧታል።

ግን አልበቃም። ትልቁ እርዳታ ለሁሉም ዜሮ ይደርሳል፤ የነርስ ትምህርት ግን በሱ አይሸፈንም። ለቀሪው መንግሥት ለየኮሌጁ ትንሽ ቋጠሮ ይልካል፣ "ከሁሉ ለባሰባቸው እናንተው መርጣችሁ ስጡ" ብሎ። የኛ ኮሌጅ ቋጠሮ ለስምንት ሰው ትበቃለች። ዜሮዎቹ ሃያ ሦስት ናቸው። ሎሬል እስከ ዓርብ አስር ሰዓት ካላገኘች ስሟ ከነርሶቹ መዝገብ ይሰረዛል፤ ቦታዋን ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ይወስደዋል።

"ኮርቢን፣ ለአባዬ ብትነግረው እገድልሃለሁ" አለችኝ።

"ለምን? ይወቅ እንጂ።"

"ሳንባው እንደዚያ ሆኖ ሌላ ጭንቀት ልጨምርበት? ተራ ወረቀት ነው፣ አታስብ ብዬዋለሁ። አለቀ።"

እሷም የአባቷ ልጅ ናት እንግዲህ። በኛ ሸለቆ፣ ቤቱ በእሳት እየነደደ ያለ ሰው "እንዴት ናችሁ?" ብትለው፣ "ደህና ነን፣ ትንሽ ሞቅ ብሎናል" ነው የሚልህ።

ስምንቱን የሚመርጡት የእርዳታ ቢሮ ኃላፊዋ ወይዘሮ ፕሩዊት ናቸው። ክፉ ሴት አይደሉም። አንገታቸው ላይ ሁለት መነጽር ያንጠለጥላሉ፤ አንዱ ለማንበቢያ፣ ሌላው የመጀመሪያውን ለመፈለጊያ። "እኩል ዜሮ የሆነን ሰው በምን ላበላልጥ?" ብለው ሲጨነቁ ከረሙና አንድ ዘዴ አመጡ። ተማሪው ሁሉ በምን እንደሚኖር አንድ ገጽ ይጽፋል፤ እሳቸው ደግሞ እየቤቱ ደውለው ወላጆቹን ይጠይቃሉ፤ ከዚያ የባሰበትን ይለያሉ።

ሎሬል ገጿን ስትጽፍ ከትከሻዋ በላይ አነበብኩት። "የሚጎድለኝ ነገር ብዙ አይደለም" ብላ ነው የጀመረችው።

"ይሄ ልመና ነው ጉራ?" አልኳት። እርሳሱን ወረወረችብኝ።

ሰኞ ከእራት በፊት ስልኩ ጮኸ። ስልካችን አሮጌ ነው፤ የደወለው ሰው ድምፅ ቤቱን ሁሉ ይሞላዋል።

"አቶ ስቲደም፣ ከኮሌጁ ነው። ኑሮ እንዴት ነው? የሚቸግራችሁ ነገር አለ?"

አባዬ ገና በሩን አልፎ መግባቱ ነበር፤ በእጁ ጀሪካን ይዟል። የጉድጓዱ ፓምፕ ከተቃጠለ ወዲህ ውሃ የምንቀዳው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ድምፅ እንዳያሰማ ጀሪካኑን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው፣ ሴትየዋ በስልክ ውስጥ የምታየው ይመስል።

"ምንም አልጎደለንም" አለ። "ይመስገነው፣ ተርፎናል። ለተቸገረ ከሆነ ለኮምስ ልጅ ስጧት። እነሱ ናቸው ምስኪኖች።"

ሎሬል ምድጃው ጋ ባቄላውን እያማሰለች ነበር። ማማሰሏን አላቆመችም፤ ግን ባቄላው ክፉኛ ተፈጨ።

"አባዬ!" አልኩት ስልኩን ሲዘጋ።

"ምን አባቴ ላድርግ? የማላውቃት ሴት! ለማላውቀው ሰው ገበናዬን ልዘርግፍ?"

ማክሰኞ ሥራ ቦታ ነበርኩ። ሥራዬ አጎቴ ቨርጂል ጎሚስታ ቤት ነው። የዳኛ ቶሊቨር ልጅ ላንደን አዲስ መኪናውን ይዞ መጣና አራት አዲስ ጎማ አሳሰረ። ሁለት ጀልባ ያለው ዳኛ ልጅ ነው።

"እህትህ ለዚያች እርዳታ አመልክታለች አሉ" አለኝ። "እኔም ዜሮ ነኝ።"

"አንተ? ሂድ ወዲያ!"

"ፎርሙ ላይ እርሻ አይቆጠርማ። አባቴ ሁሉንም በእርሻው ስም ነው ያደረገው፣ ጀልባዎቹን ሳይቀር። ደብዳቤዬን የጻፈልኝ ጠበቃችን ነው። ወንድሜ፣ ሳነበው ለራሴ አለቀስኩ።"

ጎማውን ሳስር ብሎኑን ትንሽ አላልቼ ልተውለት አሰብኩ። ሰው ይሞታል ብዬ ተውኩት። እንጂ የልቤን ብትጠይቁኝ።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ኮሌጁ ግቢ ሄጄ የወይዘሮ ፕሩዊትን መኪና ፈለግኩ። የፊት ጎማዋን ቫልቭ በመፍቻ ፈታሁት። ፉ... አለች። እንደሱ የሚጣፍጥ ድምፅ የለም። ከዚያ የአጎቴን መኪና ማዶ አቁሜ ጠበቅኩ። ሲወጡ እንደ መልአክ ከተፍ አልኩ።

"ውይ፣ ወይዘሮ! ጎማዎ ተንፍሷል።"

"ጠዋት ደህና ነበር እኮ!"

"ጎማ እንደዚያ ነው። ጠዋት ደህና ይሆናል።"

"ስኮርታ አለኝ መሰለኝ..."

"እሱን ይተዉት፣ ስኮርታ ለባሰ ቀን ነው። እኛ ጋ እንውሰደው፤ አስር ደቂቃ ነው።"

በክሪክ አንስቼ ጎማውን ፈታሁትና እሳቸውንም ጎማውንም ጭኜ ሄድኩ። ስሜን ጠየቁኝ፤ ኮርቢን ብቻ አልኳቸው።

ጎሚስታ ቤቱ ውስጥ ከምድጃው አጠገብ አባዬ፣ አጎቴ ቨርጂልና ሽማግሌው ሆባርት ተቀምጠዋል፤ ሆባርት ድሮ ከአባዬ ጋር ከሰል ማውጫው ውስጥ የሠራ ነው። እንደ ወትሯቸው ኦቾሎኒ ለስላሳው ጠርሙስ ውስጥ ጨምረው እየጠጡ ነው። ሴት እንግዳ ሲያዩ ሦስቱም ተነሱ፤ ደህናውን ወንበር ሰጧቸው።

"ጎማ የተነፈሰባቸው ናቸው" ብዬ ብቻ አለፍኩ። ጎማውን ውሃ ገንዳ ውስጥ ነክሬ ቀዳዳ የምፈልግ መሰልኩ። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ "አባዬ፣ ዳኛ ቶሊቨር 'በዚህ ወረዳ ከኔ የባሰ ድሃ የለም' ብሏል አሉ" አልኩ።

አንድ ኦቾሎኒ ሲሰበር ሰማሁ።

"ማን ነው ያለው?" አለ አባዬ።

"ቶሊቨር። ለኮሌጁ በጽሑፍ። የሚበላው እንደሌለው ሁሉ።"

"ያ ባለ ሁለት ጀልባ?" አለ ሆባርት። "እኛ ስድስት ሆነን በአንድ ጫማ ነው ያደግነው! ትምህርት ቤት በተራ ነበር የምንሄደው!"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የኛ አገር ሰው "ቸግሮኛል" ብሎ አይናገርም። ግን "ከኔ የባሰ ችግር ያየ የለም" ብሎ መፎከር ሲሆን ማንም አይቀድመውም። የመጀመሪያው ውርደት ነው፤ ሁለተኛው ጀግንነት ነው።

"ጫማ ነበረህ ማለት ነው" አለው አባዬ። "ቅንጡ! እኔን ስማኝ። ፓምፓችን ከመጋቢት ጀምሮ ተቃጥሏል። ውሃ የማመጣው ከቤተ ክርስቲያን በጀሪካን ነው፣ በዚህ ሳንባ፣ ሦስት ቦታ አርፌ።"

"ውሃ ደጃፍህ ነው፣ አትቀባጥር" አለ ቨርጂል ነገር ለማሞቅ።

"ጣሪያው! ጣሪያውን አልሰማህም! ዝናብ ሲመጣ ቤት ውስጥ ከምንቀመጥ መኪና ውስጥ ብንቀመጥ ይሻላል። የከሰል ኩባንያው ከሰርኩ ብሎ ጡረታዬን ይዞ ሄደ። ልጄ ሎሬል የምታጠናው የት እንደሆነ ታውቃለህ? የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ፣ በብርድ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ፤ ኢንተርኔቱ እዚያ ድረስ ስለሚመጣ! ቶሊቨር ይሄን አይቷል? ቶሊቨር ሦስት ሳምንት ሙሉ ባቄላ በልቷል?"

"በቃ በቃ፣ አሸንፈሃል ሃርላን" አለ ሆባርት። እጁንም ዘረጋለት።

ወይዘሮ ፕሩዊት ሃርላን የሚለውን ሲሰሙ ቀና አሉ። ከቦርሳቸው ማስታወሻ አወጡ፤ በአንደኛው መነጽር ሁለተኛውን ፈለጉትና የሰሙትን ጻፉ።

"አቶ ስቲደም" አሉ ቀስ ብለው፣ "ይሄን ይፈርሙልኛል?"

አባዬ ድምፃቸውን ለየው። ፊቱ ላይ ያለው ደም ሁሉ ወደ ጆሮው ሄደ። ተነሳ። መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ እኔ ጎማውን ይበልጥ ነከርኩት።

"የስልኳ እርስዎ ነዎት። እኛ ምንም..."

"ምንም አልጎደላችሁም፤ ነግረውኛል። ሃያ ሦስት ቤት ደወልኩ። ሃያ ሁለቱ ምንም አልጎደለንም አሉኝ። እርስዎ ለኮምስ ስጡ አሉኝ፤ አቶ ኮምስ ለስቲደም ስጡ አሉኝ። ችግረኛ ነኝ ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው ያገኘሁት፣ ዳኛ ቶሊቨር። ዓርብ ለሱ ልጅ እሰጥና የሰባቱን ለመንግሥት እመልሳለሁ። ልጅዎም ከነርሶቹ ትሰረዛለች።"

"ትሰረዛለች? ማን? ሎሬል?"

"አልነገረችዎትም?"

"ተራ ወረቀት ነው ነው ያለችኝ።" ወደ እኔ ዞረ። "አንተ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር አባዬ። እንዳልነግርህ ዝታብኝ ነው።"

ተቀመጠ። ጠርሙሱን አነሳው፣ አልጠጣም፣ መልሶ አስቀመጠው። ሲያስል ቆየ።

"አልፈርምም" አለ በመጨረሻ። "ተቸግሬአለሁ ብዬ በስሜ አልፈርምም። ልጄም ትሰማዋለች።"

"የግድ እርስዎ አይደሉም" አሉ ወይዘሮ ፕሩዊት። "ደንቡ ቤተሰቡን የሚያውቅ የሌላ ሰው ምስክርነትም ይቀበላል።"

ቨርጂል ከመቼው እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ እንዳወረደው! "ምን ብዬ ልጻፍ?"

"የሆነውን።"

እሱም ጻፈ፤ ሆባርትም ፈረመበት። ወረቀቱን አይቼዋለሁ፣ እንዲህ ይላል፦ "እኛ ከታች የፈረምነው ሃርላን ስቲደም ዛሬ ረቡዕ በችግር ውድድር ዳኛ ቶሊቨርን በሰፊው እንዳሸነፈው እንመሰክራለን። ፓምፑ ከመጋቢት ጀምሮ ተቃጥሏል።"

አባዬ ሳይፈልግ አነበበው። ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

"መጋቢት አይደለም፤ ፓምፑ የተቃጠለው የካቲት ነው" አለ። "ከጻፋችሁ አይቀር ትክክለኛውን ጻፉ።"

ነገሩ በማግስቱ ወረዳውን አዳረሰው። ሐሙስ ጠዋት ጎሚስታ ቤቱ ደጃፍ መኪና ተሰልፏል፤ አንዱም ጎማ አልተነፈሰም። ኮምስ ራሱ ሚስቱን ይዞ መጣ። "ሃርላን ነው ድሃ? ሃርላን እኮ ጣሪያ አለው፣ ቢያንስ የሚያፈስ!" እያለ ከበሩ ጀምሮ ይጮሃል። ወይዘሮ ፕሩዊት በደህናው ወንበር ላይ ሆነው ሲጽፉ ዋሉ፤ ሆባርት ሲመሰክር ዋለ፤ አጎቴ ኦቾሎኒ ጨረሰ።

ዓርብ ረፋድ ላይ እሳቸው ጋ ሃያ ሦስት ደብዳቤና ሃያ ሁለት ምስክርነት ተከመረ። ሁሉም ከሁሉም የባሰ ነው። ውሃ የሌለው፣ ጣሪያ የሌለው፣ መኪና ውስጥ የሚያድር። ቋጠሮዋ ግን ያው የስምንት ናት። እንደገና ሃያ ሦስት ዜሮ።

"ታዲያ በምን መረጡ?" አልኳቸው በኋላ፣ ጎማቸውን ልፈትሽ ብዬ ስሄድ።

"ማስረጃው ተሟልቶ በገባበት ቀንና ሰዓት" አሉኝ። አላዩኝም። "ደንቡ እንደዚያ ይፈቅዳል።"

ዝርዝሩ ከቢሯቸው በር ላይ ተለጠፈ። ሎሬል ሁለተኛ ናት። ስሟን በጣቷ ነካችው፣ ከዚያ አቀፈችኝና ጆሮዬን ነከሰችኝ፤ አባዬ እንዲያውቅ ስላደረግኩ ነው። አስራ አምስቱ ግን የሉበትም። የኮምስ ልጅ ዘጠነኛ ነበረች። አባቷ አንድ ሰዓት ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ትገባ ነበር፤ ለሷ ቀድሞ ጎማ ያስተነፈሰላት ሰው ግን አልነበረም።

አንደኛ ላንደን ቶሊቨር። የጠበቃው ደብዳቤ በመጀመሪያው ቀን ነው የገባው፣ ከነሙሉ ማስረጃው።

አባዬ ዝርዝሩን ሲያይ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር።

"ሁለተኛ?" አለ። "በቶሊቨር ተበለጥኩ? ምስክር እያለኝ?"

"አባዬ፣ ገንዘቡ እኮ እኩል ነው።"

"ስለ ገንዘቡ ማን አወራ!" ብሎ እያሳለ ወጣ።

እኔም ተከትዬው ወጣሁ። የላንደን መኪና ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ አራቱም ጎማ አዲስ፣ በኔ እጅ የታሰሩ። የቫልቭ መፍቻው ኪሴ ውስጥ ነው። አባዬ ቆም ብሎ መኪናዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ማንም እንዳይመጣ በሩ ጋ ዘብ ቆመልኝ።