ሠላሳ ሴኮንድ ለይሉኝታ

ደባርቅ ላለ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን የኮምፒውተር ክፍል የነደፍሁት የእሳት ማጥፊያ፣ ብቻዬን የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ኮምፒውተር ላይ ውኃ አይረጭም፤ እሳቱን የሚያፍነው ጋዝ ነው። ሳይረን ይጮሃል፣ ሰው በሠላሳ ሴኮንድ ይወጣል፣ በሩ ራሱ ይዘጋል፣ ከዚያ ጋዙ ይለቀቃል። በሩ ካልተዘጋ ጋዙ ወደ ኮሪደሩ ያመልጥና ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። የደባርቅ አየር ስስ ስለሆነ የጋዙን መጠን ለዚያም አስልቻለሁ። አንድ ነገር ግን አላሰላሁም።

የሙከራው ቀን ጋዙን ሳንለቅ ሳይረኑንና በሩን ልንፈትሽ ገባን። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሸጋው «ዛሬ ካላለፈ ሥራውን ለአዲስ አበባ ድርጅት እሰጣለሁ» ብለውኛል። ሊቀ መንበሯ እትዬ ገበያነሽና የቦርድ አባሉ መምሬ ያርጋልም አብረውን ነበሩ።

ሳይረኑ ጮኸ። ሦስቱም በሩ ላይ ደረሱና ቆሙ።

«ይቅደሙ መምሬ» አሉ እትዬ ገበያነሽ።

«ኧረ እርስዎ ይለፉ፤ እናት አይደሉ?»

«በሥላሴ! መስቀል ቀድሜ? እንዴት ተደርጎ!»

አቶ ሸጋው በሩን በትከሻቸው ደግፈው ሁለቱንም ይለምናሉ። ሰዓቱ አለቀ፤ በሩ አልተዘጋም የሚለው ቀይ መብራት በራ።

«አየሽ ዕፀገነት፣ አልሠራም» አሉኝ አቶ ሸጋው።

ደሜ ፈላ። የዳባት ልጅ ነኝ፤ ሠርግ ቤት በር ላይ ወጡ እስኪቀዘቅዝ «ይግቡ፣ ይግቡ» ሲባባሉ እያየሁ ነው ያደግሁት።

«መሣሪያውማ ሠርቷል ጋሼ! እሳት ግን ይሉኝታ አያውቅም» አልሁና ወደ መምሬ ዞርሁ። «አባቴ፣ ይገዝቱልኝ።»

መምሬ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው መስቀላቸውን አነሡ። «ይህ ነገር ሲጮህ ለበሩ የቀረበ ይውጣ። ከእንግዲህ እዚህ በር ላይ ‹ይቅደሙ› ያለ፣ ውግዝ ከመ አርዮስ!»

እንደገና ሳይረኑን አስጮህሁት። መምሬ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሮጡ፤ እትዬ ገበያነሽ ነጠላቸውን እየጎተቱ ተከተሉ፤ የአቶ ሸጋውማ ጫማ ሊወልቅ ምንም አልቀረውም። እኔ መጨረሻ ወጣሁ። በሩ ቀጭ ብሎ ተዘጋ፤ አረንጓዴው በራ። እትዬ ገበያነሽ ኮሪደሩን በእልልታ አናጉት። ደስታዬን የት ላድርሰው!

አቶ ሸጋው «አልፏል» ብለው ውስጥ ገብተን እንድንፈራረም በሩን ከፈቱ። እሳቸው ግን አልገቡም፤ ወደ ጎን ቆሙ።

«መሐንዲሷ ትቅደም።»

እኔ? ታላላቆቼ ባሉበት በየትኛውም በር ቀድሜ አላውቅም። ሦስቱም ቆመው ይጠብቁኛል። ዓይኔ እንባ ሞላ።

«ኧረ በሞቴ፣ መምሬ ይቅ...»

መስቀሉ ከፍ አለ። «ግዝት ነው ብያለሁ!»

እየሳቅሁ ቀድሜ ገባሁ።