የገደሉ ፋኖስ

የጊሼ ሰው ባሕር አያውቅም። ክረምት ሲገባ ግን ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ሸለቆውን ጢም አድርጎ ይሞላዋል፤ ያን ጊዜ መንደሩ ደሴት ይሆናል። ዛፉም ጎረቤቱም ይጠፋል፤ በሬ ሲያገሳ እንኳ ከሰማይ ይሁን ከምድር አይለይም። ኧረ ስንቱን ጉድ አሳይቷል ይሄ ጉም!

ህሊና ከሌላ አገር፣ ከቀየት፣ ተድራ ከመጣች የመጀመሪያ ክረምቷ ነው። በገበያ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ከገደሉ አፋፍ በቆመው ግንድ ላይ ፋኖስ የሚሰቅሉት አማቷ እማማ ጥሩሸዋ ነበሩ። ያን ቀን ግን ጉልበታቸው አላስነሣ አላቸውና፣ «ልጄ፣ ጉሙ ሳይወፍር መብራቱን ስቀዪልኝ» ብለው ጋደም አሉ።

ህሊና አሰበች። የደከመ መንገደኛ መብራት የሚፈልገው ወደ ቤት ሊገባበት አይደል? ምን ሲደረግ ገደል ላይ ይሰቀላል! ደግ አደረግሁ ብላ የሶላር ፋኖሷን ከበራፉ ላይ አንጠለጠለችው። ጉሙ ብርሃኑን ጠጥቶ ወተት መሰለ። ባሏ ወንዳፈራሁ ከራቤል ገበያ ሲመለስ መብራቱን ከሩቅ አይቶ እርምጃውን ሲያፈጥን በሐሳቧ ታያት። ደስ ብሏት፣ ሕልም ውስጥ እንዳለ ሰው ፈዝዛ ቆየች።

«እስከ ገደሉ የድንጋይ ካቡን ይዘሽ ሄድሽ? እንዳትወድቂብኝ ፈርቼ ነበር» አሉ እማማ፣ ስትገባ።

«ኧረ ከበራፉ ላይ ነው የሰቀልኩት፣ እማማ። መንገደኞቹ ወደኛ እንዲመጡ ብዬ።»

አሮጊቷ ክው አሉ። «ወይኔ ልጄን! እዚህ አገር በጉም ወደ መብራት የሚሄድ የለም እኮ! መብራቱን ሸሽተው ነው የሚያልፉት፤ ገደሉ እዚህ ነው ማለት ነው። አሁን በራፉን ሸሽቶ ወዴት ሊሄድ ነው?»

ወዴት እንደሆነማ ገባት። ስልክ እንዳትደውል ከራቤል ወዲህ አይሠራም። ፋኖሷን መንጭቃ ወጣች፤ በአንድ እጇ የድንጋይ ካቡን እየዳበሰች፣ «እመብርሃን፣ አደራሽን! አደራሽን!» እያለች።

ካቡ አለቀ። ግንዱን አገኘችው። ከዚያ ወዲያ ምድር የለም፤ ነፋስ ብቻ። ልትሰቅለው ብትል እጇ አልታዘዝ አላት፤ ፋኖሷን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ይዛ ቆመች። ጉሙ ከእግሯ ሥር ቀስ እያለ ይፈስሳል። ቆማ ይሁን ተንሳፍፋ አላወቀችም። ስሙን መጥራት አሰኛት፤ ግን ድምፅዋን ተከትሎ ቢመጣስ? ጥርሷን ነክሳ መብራቱን ይበልጥ ወደ ላይ ዘረጋች።

ከአጠገቧ ድንጋይ ተንከባልሎ ወረደ። ሲያርፍ አልሰማችም። ኮቴ ቀረበ፤ ቆም አለ፤ ከዚያ ዞሮ ራቅ አለ።

«እማዬ!» አለ ወንዳፈራሁ፣ ከወዲያ፣ ከደህናው በኩል። «ዛሬ ምነው መብራቱ ይንቀጠቀጣል?»

«እኔ ነኝ!» አለች ህሊና፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ።

«ህሊና? አንቺ ነሽ? መጣሁ፣ ቆይ…»

«አትምጣ!» ብላ ጮኸች። «ብትወደኝ፣ ወደኔ አትምጣ!»