ባለሦስት ጎማ ትከሻ

መድና ሙሐመድዘይንን የተቀየመችው በአንድ ቃል ነው። ሙሐመድዘይን ቃሉን የተናገረው፣ ባሏ አብዱልጀባር ሆዱን ይዞ መሬት ላይ በሚንከባለልበት ቀን ነበር። ክረምት ነው፤ የጨፋ ጥቁር አፈር እግር ይዞ አልለቅም የሚልበት ጊዜ። ሙሐመድዘይን የሰፈሩ የቅሬ ዳኛ ነው። ቅሬው ሰው ሲሞት ይቀብራል፤ ሰው ሲታመም በቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት ያደርሳል። እያንዳንዱ ቤት ተራው ሲደርስ አንድ ወንድ ያወጣል። ወንድ የሚያወጣ ቤት ትከሻ አለው ይባላል።

ያን ቀን ተሸካሚ ሲመደብ ሙሐመድዘይን ደጃፏ ላይ ቆመና፣ «አብዱልጀባር ከተኛ የዚህ ቤት ትከሻ ማነው እንግዲህ?» አለ።

በክፋት አልነበረም። የአብዱልጀባር አብሮ አደግ ነው፤ ተራ ሲያስተካክል ቃሉ አመለጠው። ግን ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ አንዱ አንዱን ጠበቀ፣ ቃሬዛው ዘገየ። አብዱልጀባር ከሚሴ ሐኪም ቤት ደርሶ ሞተ። ቀድመው ቢነሱ ይተርፍ ነበር? መድና ሐኪሙን ጠይቃዋለች። «ምን ይታወቃል እናቴ» አላት። እሷም ይህንኑ «ምን ይታወቃል» ይዛ ዓመታት ኖረች። አንድ ቀን ይተርፍ ነበር ትላለች፤ በማግስቱ ቀኑ ደርሶ ነው ትላለች። ማንን እንደምትቆጣ እንኳ የማይለይበት ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰው በታመመ ቁጥር ጄሪካን ውሃ ይዛ ከቃሬዛው ኋላ ትከተላለች። ሙሐመድዘይንም ዞር ብሎ፣ «መድና፣ አንቺ ተመለሺ። ቤትሽ ትከሻ የለውም፤ ማንም አይወቅስሽም» ይላታል። ይበልጥ የሚያንገበግባት ይኼ «ማንም አይወቅስሽም» የሚለው ነው። የማይወቀስ ሰው የሞተ ሰው ነው። እሷ ደግሞ አልሞተችም። አንድ ልጇ ሳዲያ አግብታ ባቲ ናት፤ ከየት አባቷ ወንድ ታምጣ?

ቤት ውስጥ ግን የአብዱልጀባር ሞተር ሳይክል ቆሟል። ከብት ነጋዴ ስለነበር ጨፋ ሮቢት ገበያ የሚመላለሰው በሱ ነበር። ለጭቃ የተሠራ ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ ጎማው ጥርሳም። ገዥ ሲመጣ እምቢ ትላለች። አንድ ጊዜ ግቢ ውስጥ ልንዳው ስትል እንደ ጥጃ ላይዋ ላይ ተኝቶባታል። ከሥሩ ስትወጣ ነው ሐሳቡ የመጣላት። ሁለት ጎማ ይወድቃል። ሦስት ቢሆንስ? በሦስት ጎማ ላይ ሰው ቢተኛስ?

ሞተሩን እስከ ሰፈሩ አፋፍ አስገፍታ በአህያ ጋሪ አስጭና ከሚሴ፣ ብየዳ ቤት ያለው ፈይሰል ዘንድ ወሰደችው።

«አካም ቡልቴ፣ እቴ መድና» አላት ፈይሰል፤ በኦሮምኛ እንደምን አደርሽ ማለቱ ነው። «ምን ሆነብሽ፣ አልነሳ አለ?»

«ይነሳል። ከኋላ ያለውን አንዱን ጎማ አውጣና ሁለት አግባበት።»

«ባጃጅ ልታደርጊው ነው?»

«ባጃጅ ጭቃ ሲያይ ይለምናል። ቃሬዛ አድርግልኝ።»

«ቃሬዛ ጎማ የለውማ።»

«ቢኖረው አንተ ዘንድ ምን አመጣኝ?»

ፈይሰል የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «ቆይ፣ ማን ይነዳዋል?»

«እኔ።»

«ግራ ገባኝ ወላሂ። ታማሚዋ ነሽ ወይስ ነጂዋ?»

«አንተ በይድ።»

ከሽርጧ እጥፋት ገመድ አወጣች። ገመዱ ሁለት ቦታ ተቋጥሯል። «ከዚህ ቋጠሮ እስከዚህ የቅሬው ቃሬዛ ወርድ ነው። ጎማዎቹ ከዚህ አይለፉ። ቃሬዛው በመንገዳችን ሲያልፍ ነው የኖረው፤ ይኼ ወርድ ያልፋል።»

ፈይሰል ገመዱን ዘርግቶ አየው። «ይኼስ ልክ ነው» አለ። እሱም የገጠር ልጅ ነው፤ ቃሬዛ ተሸክሞ ያውቃል። ነገሩ ለሁለቱም ልክ መሰላቸው።

ቱቦላሬ ብረት ቆርጦ ሳጥን የመሰለ አልጋ ሠራለት፣ ከሥሩ ረጅም ዘንግ አጋደመ፣ ዳርና ዳሩ ላይ የተሳለ ጥርስ ያላቸውን ጎማዎች አሠረ። ካቴናው የሚያዞረው የግራውን ጎማ ብቻ ነው።

«ለምን ሁለቱንም አይጎትትም?» አለች።

«ሁለቱ እኩል ከዞሩ ስትጠመዝዢው እምቢ ብሎ ቀጥ ይልብሻል። አንዱ ይሥራ፣ አንዱ ዝም ብሎ ይከተል።»

«አንዱ እየሠራ አንዱ እየበላ?»

«እንደ ባልና ሚስት በይው።»

«የትኛው ነው የሚበላው?»

«እሱን እኔን አትጠይቂኝ። ገና ማግባቴ ነው።»

ገበያ በማይቆምበት ቀን ባዶው ሜዳ ላይ አለማመዳት። የሚገፋው የግራው ጎማ ብቻ ስለሆነ ወደ ቀኝ ይጎትታታል፤ ዘወትር ወደ ግራ ይዛ መታገል አለባት። የት እንደምትሄድ እሷ ታውቃለች፤ እሱ ግን ሌላ ቦታ የቀጠረው ሰው ያለ ይመስላል። ፍሬን ስትል ይሮጣል፣ ሂድ ስትል ይጠፋል። ማርሹን በእግሯ ስትፈልግ ጫማዋ ወልቆ ይቀራል። ቢሆንም አልወደቀም። ለሷ ይኼ በቂ ነው።

አንድ ጁምዓ ከሶላት መልስ ወንዶቹ መስጊዱ አጥር ሥር እንደተቀመጡ ድምፁ ከሩቅ መጣባቸው። ከአስፋልት እስከ ሰፈሩ አፋፍ ጋሪ የሚሄድበት ሰፊ መንገድ ነው። እዚያ ድረስ አልሐምዱሊላህ ደኅና መጣች። ከዚያ በኋላ ያለው ቀጭን የእግር መንገድ ነው፤ በአንድ ወገን የመድና ማሽላ፣ በሌላው ወገን የውሃ ቦይ። የፊቱ ጎማ ገባ። የኋለኞቹ አልገቡም። የቀኙ ቦዩ ውስጥ ተንጠለጠለ፣ የግራው ማሽላውን እየረገጠ ቆመ።

ሰዎቹ ተነስተው መጡ።

«ኩን ማሊ?» አለ አንዱ በኦሮምኛ። ምንድነው ይኼ ማለቱ ነው።

«ቃሬዛ ነው» አለች መድና። «የኔ ቤት ትከሻ። ከዛሬ ጀምሮ ተራ ውስጥ አስገቡኝ።»

ሙሐመድዘይን ሞተሩን ዞሮ አየው፤ ከቦዩ ወገን መዞር ስለማይቻል እንደገና በመጣበት ተመለሰ።

«አይገባማ» አለ።

«በቃሬዛው ልክ ነው የተሠራው። ቃሬዛው ካለፈ ይኼም ማለፍ አለበት።»

«ማለፍ አለበት፤ ግን አላለፈም።»

«ቃሬዛውን አምጡና እንየው» አለ ኢርፋን፣ የጎረቤቷ የነዋል ባል።

ቃሬዛውን ከመስጊዱ ግድግዳ አውርደው አመጡ። ባዶውን በመንገዱ አሳለፉት። አለፈ። መልሰው አሳለፉት። አለፈ። መድና ገመዷን አውጥታ በቃሬዛው ላይ ለካች፣ ከዚያ በጎማዎቹ ላይ ለካች። እኩል ነው። ሁሉም ራሳቸውን ያዙ።

«ጅን ገብቶበት ይሆን?» አለ አንዱ።

«ቢገባስ እንግዲህ» አለ ሌላው፣ «እንደ ስንት ሰው ይቆጠራል? ቃሬዛ ሁለት ተሸካሚና ሁለት ቀያሪ፣ አራት ሰው ይፈልጋል። ይኼ ብቻውን ነው።»

«አራት ከሆነ የኛ ተራ መቼ ይደርሳል?»

«አንድ ከሆነስ ሦስቱ ሰዎች ምን ይዘው ይሂዱ?»

ሙሐመድዘይን እጁን አነሳ። «ቆዩ። የማያልፍ ነገር አይቆጠርም። መድና፣ ማንም አይወቅስሽም።»

ሞተሩን ወደ ኋላ ገፍታ ከሰፈሩ አፋፍ ግራር ሥር አቆመችው፣ ላስቲክ ሸፈነችበት። ልክ ነበር። አሁንም ልክ ነው። ታዲያ ለምን አላለፈም? ማታ ስታስበው፣ ጠዋት ስታስበው፣ ያው ነው።

እንዲህ ሳለች የሮቢት ገበያ ቀን ነዋል ምጥ ያዛት። ወንዶቹ ከብታቸውን ነድተው ሄደዋል። የተገኙት ባሏ ኢርፋንና ወገቡን የሚያመው ሙሐመድዘይን ብቻ ናቸው። ሁለቱ ነዋልን በቃሬዛ አንስተው ወጡ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ እንጨቶቹ በግራና ቀኝ ትከሻቸው ላይ። መድና ጄሪካኗን ይዛ ከኋላ ናት። ቀጭኑ መንገድ ላይ ሲደርሱ እግራቸውን አየች። የኢርፋን እግር በመሐል፣ የሙሐመድዘይን እግር በዚያው ዱካ ላይ። ቃሬዛው ግን ላይ ነው። አንዱ ጠርዙ ከቦዩ በላይ አየር ላይ ይሄዳል፤ ሌላው የማሽላውን ቅጠል እየገፋ ይሄዳል። መሬት የሚረግጠው የሰው እግር ብቻ ነው።

ጄሪካኑ ከእጇ ወደቀ። እሷ የለካችው በሰማይ የሚሄደውን ነው፤ ጎማ ደግሞ በምድር ነው የሚሄደው።

«ግራሩ ሥር አውርዷት» አለች።

ሙሐመድዘይን ላቡ አይኑ ውስጥ ገብቶ ስለነበር አልተከራከረም። ነዋልን ከነቃሬዛው አልጋው ላይ አስተኟት። መድና «ቢስሚላህ» ብላ የሞተሩን ማስነሻ ረገጠች፤ በሁለተኛው ተነሳ።

«እቴ መድና፣ ቀስ በይልኝ» አለች ነዋል።

«ቀስ ካልኩት ይተኛል። አንቺ ብረቱን ያዢ።»

ጭቃው ሲይዛቸው ኢርፋን ከኋላ ይገፋል፤ ወደ ቀኝ ሲጎትታት መድና በክንዷ ወደ ግራ ትጎትታለች። አስፋልት ደረሱ፣ ሚኒባስ ቆመላቸው። ነዋል ከሚሴ ሴት ልጅ በሰላም ወለደች።

በጁምዓው ሙሐመድዘይን በሰው ፊት አመሰገናት። «ግን ከሰፈር እስከ ግራሩ ድረስ ነዋልን የተሸከማት ሰው ነው» አለ። «ስለዚህ የመድና ቤት ግማሽ ትከሻ አለው ብለናል።»

ሰው ተደሰተ። መድና ግን ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ነገሩን ታሰላ ጀመር። ከምንም ግማሽ ይሻላል። ግን ግማሽ ትከሻ በተራ እንዴት ይጠራል? ምን ላይ ነው የሚቆመው? ሙሐመድዘይንም ሲጠየቅ ጢሙን ያሻል።

ፈይሰል ዘንድ ሄደች። «አጥብበው።»

«ካጠበብኩት ይገለበጣል። ሦስት ያደረግነው እንዳይወድቅ አይደል? መንገዱን አስፊው።»

መንገዱን። በአንድ ወገን ቦዩ አለ፤ የሰፈሩ ሁሉ ውሃ ነው፣ አይነካም። በሌላው ወገን የራሷ ማሽላ ነው፤ ገና ወተት እንደቋጠረ። ያን ሁሉ ጊዜ ማንን መለመን እንዳለባት ስታስብ ኖራ፣ የሚለመን ሰው እንደሌለ ስታውቅ ይበልጥ ግራ ገባት። ያልደረሰ እህል ለማጨድ እጅ አይሄድም። ማሳው ዳር ተቀምጣ አንዱን ራስ ፈልፍላ ቀመሰች። ጣፋጭ ነው። ተነስታ ቤት ገባች፣ ተመልሳ ወጣች፣ እንደገና ገባች።

በማግስቱ ማጭዷን ይዛ ወጣችና ከመንገዱ ጀምራ አንድ እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ ማጨድ ያዘች።

ሙሐመድዘይን ከብቱን ውሃ ሊያጠጣ ሲሄድ አያት። ቆመ።

«መድና፣ ደኅና ነሽ? ማሽላው አልደረሰምኮ።»

«አውቃለሁ።»

«የማይበላ እህል ይታጨዳል እንዴ?»

«ከብት ይበላዋል።»

«እስከ የት ድረስ ልታጭጂ ነው?»

«እስከሚያልቅ።»

«እኔ እኮ ግማሽ ያልኩት አንቺን ደስ ይበልሽ ብዬ ነው» አለ።

«አውቃለሁ» አለችው፣ ቀና ሳትል። በርግጥም ታውቃለች። በማወቋ ግን ንዴቷ አልቀነሰም፤ ይኼም ግራ አጋባት።

ሙሐመድዘይን ከብቱን ረስቶ ቆሞ ቀረ። መድና አገዳውን እያጨደች ጭቃው ላይ አነጠፈችው። ከዚያ ወደ ግራሩ ሄዳ ላስቲኩን ገለጠች፣ ሞተሩን አስነሳች። የቀኙ ጎማ የድሮውን የእግር መንገድ ያዘ፣ የግራው ባነጠፈችው አገዳ ላይ እየተንኳኳ ወጣ። በቦዩ አጠገብ አለፈች፣ በራሷ ደጅ አለፈች፣ አልቆመችም። መስጊዱ አጥር ድረስ ነዳች።

ሙሐመድዘይን እያለከለከ ደረሰባት። «እሺ፣ አሁን ስንት ልበልሽ? አንድ? አራት?»

«የፈለግከውን በል። ቃሬዛው ግን ከእንግዲህ በዚህ ነው የሚወጣው» አለች። ወርዳ ቃሬዛውን ከግድግዳው አወረደች፣ አልጋው ላይ አጋደመችው፣ ባለ ሁለት ቋጠሮ ገመዷን አዙራ ከሞተሩ ጋር ጥፍር አድርጋ አሠረችው።