ኒቻራት የምትባል አላውቅም

ፕሮፌሰር ፕራዌት በሚያጠኑት ዋሻ ያሉትን የሌሊት ወፎች በእግር ቀለበታቸው ቁጥር አንድ በአንድ ለይተው ያውቃሉ። ተማሪዎቻቸውን የሚያውቁት ግን በቤት ስማቸው ነው፤ በታይላንዷ ቺያንግ ማይ ከተማ ውስጥ ሰው በሌላ ስም አይጠራም። ሙ፣ ማለትም አሳማ፣ ስትወለድ ድንቡሽቡሽ ስለነበረች እናቷ ያወጡላት ስም ነው። ከእሳቸው ጋር ስድስት ዓመት ሠርታ ዶክትሬቷን ይዛለች። ከዚያ ወዲህ የድኅረ ዶክትሬት ቦታ ስታፈላልግ የጠየቀቻቸው ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ «እናዝናለን» ብለዋታል። የቀራት በማሌዥያ ፔናንግ ያለ አንድ ቤተ ሙከራ ብቻ ነው። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር ሮኪያ ዛሬ ለፕሮፌሰሩ ደውለው ስለ እሷ እንደሚጠይቁ አሳውቀዋታል።

ሙ የተጠበሰ ሙዝ ገዝታ ቢሮ ገባች።

«ነይ ሙ፣ ተቀመጪ» አሉ ፕሮፌሰሩ ፊታቸው በርቶ። «ዛሬ አንዷን አጭበርባሪ ጉድ ሠራኋት።»

«ማንን?»

«ከፔናንግ ደውለው ኒቻራት ቶንግካም ስለምትባል ልጅ ጠየቁኝ። እኔ ጋ እንዲህ የምትባል ኖራ አታውቅም፣ ተጠንቀቁ ብዬ መከርኳቸው።»

ሙ የሙዙን ከረጢት ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «መምህር፣ ኒቻራት እኮ እኔ ነኝ።»

«አንቺማ ሙ ነሽ!»

«የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ሲፈርሙ አላዩትም?»

«እኔ ሰንጠረዡን ነው የማየው፤ ሽፋን ምን ይሠራልኛል?»

ጥግ ላይ የሌሊት ወፍ ማጥመጃ መረብ ይጠግን የነበረው ቴክኒሺያኑ ካይ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እንግዲህ ሙዙ ለምስጋና ካልሆነ እኔ ልብላው?»

«እጅህን ሰብስብ!» አለችው ሙ።

ፕሮፌሰሩ ወዲያው ደወሉ። «ዶክተር ሮኪያ፣ ያቺን ልጅ አወቅኋት።»

«በአንድ ሰዓት ውስጥ?» አለ ከስልኩ ቀዝቃዛ ድምፅ። «የድጋፍ ደብዳቤዎ ላይም እኮ ስሟ አለ።»

«እሱን ራሷ ጽፋ አመጣችው። እኔ ፈረምኩ።»

ሙ ዓይኗን ጨፈነች።

«ታዲያ የእርስዎ አስተያየት የቱ ነው?»

«የእኔማ...» ፕሮፌሰሩ ጥቂት አሰቡ። «ጽሑፏ ላይ ከሁሉ የበለጠ አንድ ምርጥ ውጤት ነበር። አንዷ የሌሊት ወፍ ሁለቴ መቆጠሯን ደረሰችበትና ውጤቱን ራሷ ሰረዘችው። ማንም አላየባትም፤ እኔም አላየሁም። አንድ ወር ሙሉ አኮረፍኳት። አሁን ግን አዲስ ተማሪ ሲመጣ እንደ ሙ ቁጠር እላለሁ።»

ሮኪያ ወረቀት ሲያገላብጡ ተሰማ። «ይኼ ደብዳቤው ላይ የለም።»

«ስለ ራሷ መጻፍ አትችልበትም።»

«አይቻለሁ፤ እንቅልፍ ያስመጣል። በሉ በሚቀጥለው ወር ትምጣልን። ሙ ነው ያሏት? ምን ማለት ነው?»

ነገሯቸው። ሮኪያ በሳቅ ፈረሱ። «አሳማ፣ አሳማ እያልኩ ስጣራ እናቴ ብትሰማኝ! የለም፣ ለእኛ ኒቻራት ይሻለናል።»

ፕሮፌሰሩ ስልኩን ዘግተው «ኒቻራት... ኒቻራት...» እያሉ ተለማመዱ። ከዚያ በድንገት ወደ ጥጉ ዞሩ።

«ቆይ፣ አንተስ ካይ? ስምህ ማን ነው?»

ካይ እንዳይመልስ አፉ ሙዝ ሞልቶት ነበር።