ለልጅ የተላከ መንገድ

የጊታር መምህሩን ተማሪዎቹ ከጀርባው «ጥፍሮ» ይሉታል። ክር የሚመታባቸውን የቀኝ እጁን ጥፍሮች አሳድጎ እንደ ሙሽራ ስለሚንከባከባቸው ነው። እሱም ሰምቷል፤ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ የቀረችው አንድ ልጁ ነበረች፤ እሷም ፋርማሲ ተቀጥራ ሌላ ከተማ ከገባች ዓመት አልፏታል። ቤቱ ጭር ብሏል፤ ሰውየውም እንደዚያው።

ድሮ እሁድ እሁድ አባትና ልጅ ከከተማው ወጣ ብለው በእግራቸው ይንሸራሸሩ ነበር። ባለፈው እሁድ ብቻውን ሄደ። የስንዴው ማሳ ያው ነው፣ ጠባቧ የእንጨት ድልድይ ያችው ናት፣ ከአጥሩ ኋላ የሚጮኸው ውሻም ያው። የጠፋችው «አባዬ፣ ቀስ በል እንጂ፣ ማን ያባርርሃል?» የምትለው ብቻ ናት። ቤቱ ሲደርስ ሆድ ባሰው። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ጊታሩን አንስቶ መንገዱን በጣቶቹ ይፈልግ ጀመር።

ሳምንቱን ሙሉ ለፋበት። ወፍራሙ ክር ላይ የሱ እርምጃ፣ ቀጭኑ ላይ የሷ ሩጫ፤ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም ቆም ይላሉ። ውሻውንም አልረሳውም፤ የጊታሩን ሆድ በእጁ መታ መታ እያደረገ አስጮኸው። ከዚያ በስልኩ ቀድቶ ላከላት። ርዕሱን ሆን ብሎ አልነገራትም። ራሷ ደርሳበት «ይሄማ መንገዳችን ነው!» እንድትለው ፈልጎ ነው። እንደዚያ ካለችው፣ ስንት ጊዜ አፉ ላይ ደርሳ የተመለሰችውን «መቼ ነው የምትመጪው?» የምትል ጥያቄ ለመጠየቅ ይደፍር ነበር።

መልሱ ከተፍ አለ። ያኔውኑ ከፍታው ቢሆን እንኳ ዜማው ገና ድልድዩ ጋ አይደርስም።

«ዋው አባዬ፣ ነፍስ ነው! ዓይኔን ጨፍኜ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ልክ ባህር ዳርቻ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ባህሩን ነው አይደል? አሁን ሥራ ላይ ነኝ፣ በኋላ እደውላለሁ።»

ባህር! ሰውየው ባህር የሚያውቀው ቀን መቁጠሪያ ላይ በታተመ ፎቶ ነው። ስቆ ሊያልፈው ሞከረ፤ አልሆነለትም። «አይ ልጄ፣ የኛ መንገድ እኮ ነው፤ ውሻው ሳይቀር አለበት» ብሎ ጻፈ። ሳይልከው መልሶ አነበበው። ከፋርማሲው ባንኮኒ ኋላ ቆማ፣ ፊት ለፊቷ ሰው ተሰልፎ፣ ይህን ስታነብ ታየችው። ልታፍር ነው፤ ልትዋሽለትም ነው። አልጨከነባትም፤ አጠፋው።

«አዎ ልጄ፣ ባህሩ ነው። እንዴት አወቅሽ?» ብሎ ላከላት።