ከመስታወቱ ወዲህ

የመጥለቅ አሰልጣኙ ማንአለሽን ወደ ዓሣዎቹ ገንዳ ትገቢያለሽ ወይ ብሎ ሲጠይቃት፣ እሷ እንደ አገሯ ሰው ትንፋሿን ቶሎ ወደ ውስጥ ሳበች። ጋይንት ውስጥ ይህ አዎ ማለት ነው፤ ማንም ደግሞ አይጠይቅም። አሰልጣኙ ግን የፈራች መሰለው። አይዞሽ በሚል ፈገግታ አያትና ለእሷ የተዘጋጀውን የአየር ሲሊንደር ወደ ጎን አስቀመጠው።

ልታርመው ፈለገች። ሰው ሁሉ እያያት፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ለመናገር አፈረች። ቻላቸው የመጥለቂያ ልብሱን ለብሶ አጠገቧ ቆሟል። እሱም የዚያው የጋይንት፣ የአርብ ገበያ ልጅ ነውና ምን እንዳለች ገብቶታል። ቢሆንም አላረመላትም።

«ገና ዓሣው ሳያይሽ ትንፋሽሽ ቆመ?» አላት እየሳቀ። «ሂጂ፣ ከጋሼ ጋር ቆመሽ እዪኝ።»

ወደዚህ የባሕረ ሰላጤ ከተማ ለሥልጠና የመጡት ከሚሠሩበት ከንፋስ መውጫ ቢሮ ሦስት ሆነው ነበር። ሥልጠናው ሲያልቅ አዘጋጆቹ ትልቁን አኳሪየም ጋበዟቸው፤ የደፈረ ጎብኚ ከዓሣዎቹ ጋር ጠልቆ መውጣት ይችላል ተባለ። ቻላቸው ቀድሞ እጁን አወጣ። ማንአለሽ ተከትላው እጇን ያወጣችው ውሃ ወድዳ አይደለም። ከአገር ከመውጣታቸው በፊት የቻላቸው እናት፣ እትዬ ካሣነሽ፣ ወደ ጓሮ ወስደው አደራ ብለዋታል። አደራው ሁለት ነው፤ ልጃቸው ከዓይኗ እንዳይርቅ፣ ነገሩም ከአፏ እንዳይወጣ።

ነገሩን ከቤተሰቡ ውጭ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ቻላቸው የሚጥል በሽታ አለበት። ተማሪዎች ሳሉ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ በፊቷ ወድቋል። ጠበል ከገባ ወዲህ ለረጅም ጊዜ ስላልጣለው ድኛለሁ ብሎ ክኒኑን ትቶታል። አሰልጣኙ ሕመም ያለበት ሰው አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅም፣ ዓይኑን ሳያሽ የለብኝም አለ። ዐቢይ ጾምን ይዟል፤ እህል አልቀመሰም። ሌሊቱንም እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ጋሼ ያላቸው የቢሮ ኃላፊያቸው አቶ ቀለመ ወርቅ ናቸው። ታች መስታወቱ ፊት ቆመው ስልካቸውን አዘጋጅተዋል። ቻላቸው ከፋሲካ በኋላ የሚያገባት የመካነ ኢየሱሷ ቤዛዊት የእህታቸው ልጅ ናት።

«ለቤዛዊት ልልክላት ነው» አሏት ማንአለሽ ወርዳ አጠገባቸው ስትቆም። «ባልሽን ዓሣ በላው፣ ሌላ ፈልጊ እላታለሁ።»

ማንአለሽ ለመሳቅ ሞከረች።

መስታወቱ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይረዝማል። ከወዲያ በኩል ያለው ውሃ ድምፅ የለውም። ቻላቸው እግሩን እያወራጨ ከላይ ወረደ፤ አሰልጣኙ ፊት ፊቱ ይመራል። አንድ ሻርክ ሳይቸኩል ከሆዱ ሥር አለፈ። እንደ ሰሌን የሰፋ ሌላ ዓሣ ደግሞ በላዩ ሲያልፍ ጥላውን ጣለበትና ቻላቸው ለጥቂት ጊዜ ጠቆረ። ብርሃኑ ሲመለስ አያቸውና እጁን አውለበለበላቸው። አቶ ቀለመ ወርቅ ሳቁ።

ከዚያ ማውለብለቡን ተወ። ግራ እጁ ወደ ታች ወረደ፤ አውራ ጣቱ ጤፍ እንደሚዘራ ሰው ሌሎቹን ጣቶቹን ያሽ ጀመር።

ያን ጊዜ በትምህርት ቤቱ መንገድም፣ ከመውደቁ በፊት፣ ይኸው እጁ ነበር የዘራው።

ትናንሽ ዓሣዎች ወደ ጣቶቹ ተሰበሰቡ። ምናልባት እያጫወታቸው ይሆናል አለች በልቧ። አቶ ቀለመ ወርቅም፣ ይኼ ገበሬ እዚህም መጥቶ ይዘራል እንዴ ብለው መቅረጻቸውን ቀጠሉ። ማንአለሽ መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። ብትናገር አደራ በላ ናት። ዝም ብትልም አደራ በላ ናት። እጁ መዝራቱን አልተወም። ጭንቅላቱ ቀስ እያለ ወደ ግራ ዞረ፤ ከዚያ በኩል የጠራው ያለ ይመስል እዚያው ቀረ።

ከኋላቸው ሬዲዮ የያዘ ጠባቂ ቆሞ ነበር። ሮጣ ሄዳ በእንግሊዝኛ ነገረችው። እንዳልገባው ስታይ የበሽታውን ስም ደጋግማ ጠራችው። በዚያ አዳራሽ ያለ ሰው ሁሉ ሰማት። ጠባቂው በሬዲዮው ወደ ላይ አስተላለፈ፤ ከገንዳው ዳር ያሉትም ለአሰልጣኙ ምልክት ሰጡት። አቶ ቀለመ ወርቅ ስልካቸውን ዝቅ አደረጉ።

አሰልጣኙ መተንፈሻውን ከቻላቸው አፍ እንዳይወጣ በመዳፉ ደግፎ፣ አቅፎ ወደ ላይ ሲያወጣው እግሮቹ ደርቀው ነበር። ከገንዳው ዳር ሲያጋድሙት መላ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ። አቶ ቀለመ ወርቅ ማንአለሽን አስከትለው ደረጃውን በሩጫ ወጥተው ደረሱ። በጎኑ አስተኙት፤ ኮታቸውን አውልቀው ከራሱ ሥር አደረጉለት። እስኪረጋጋ ድረስ እጃቸውን ከትከሻው አላነሱም።

ቀና ሳይሉ፣ «አንቺ ታውቂ ኖሯል?» አሏት።

ማንአለሽ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች። የአገሯ ሰው ናቸውና ደግመው አልጠየቋትም።

ቻላቸው ተረፈ። ፋሲካ ሳይደርስ የቤዛዊት ወገን ሽማግሌዎች ከመካነ ኢየሱስ አርብ ገበያ ድረስ ሄደው የእጮኝነት ቀለበቷን ለእትዬ ካሣነሽ መለሱላቸው።